ፀሐይወርቅ የጠረጠረችው ቀሚስ

ፀሐይወርቅ ሰው ሲስቅላት ጥርሱን የምትቆጥር ሴት ናት። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ስለምትደግመው ነው። ለንደን፣ ኪልበርን ሃይ ሮድ ላይ ቲማቲም ስትገዛ ከላይ ያለውን አታነሳም፣ ከሥር ጎርጉራ ታወጣለች። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር የለቀቀላት ወጣት ካለ፣ ከመቀመጧ በፊት ወንበሩን በእጇ ትዳብሳለች። ባሏ ኪዳኔ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ዝምተኛ፣ ለማንም የማያስቸግር ሰው። እሱ እንኳ አንድ ቀን አበባ ይዞላት ቢገባ «ምን አጠፋህ?» አለችው። ከዚያ ወዲህ አበባ መግዛት አቆመ፤ አሁን ደግሞ ለምን እንዳቆመ ትጠረጥራለች።

እንግዲህ ይህች ዓለምን ሁሉ የምትጠረጥር ሴት፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ነገር ሳትጠረጥር አለፋት፤ የገዛ አካሏን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ወገቧ መስፋቱን ኪዳኔ አይቷል፣ ልጇ አይታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዋ የሚቆሙት ሴቶች ሁሉ አይተዋል። እሷ ብቻ አልሰማችም።

ነገሩ የወጣው በልጇ በሰሎሜ ሠርግ ሰበብ ነው። ሰሎሜ እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ሥራ የያዘች፣ ለመስከረም ማብቂያ ቀን የቆረጠች ልጅ ናት። የለንደን ሐበሻ ሠርግ ሲመጣበት ደግሞ ሌላው ሌላው ይቅርና ቀሚሱን እዚህ አያሰፋም፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጎ ልኩን አስይዞ ይልካል። በዚያ ዓመት ለገና የምትሄደው ኂሩት ነበረች።

ኂሩት ለፀሐይወርቅ ከእህት የምትበልጥ ጓደኛዋ ናት። ሁለቱም በስደት እንደመጡ ኪልበርን ውስጥ አንዲት ክፍል ተጋርተው፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጋፍፈው የኖሩ ናቸው። ሰሎሜ ስትወለድ ምጡ ላይ የፀሐይወርቅን እጅ ይዛ ያደረችው ኂሩት፤ ክርስትና ያነሳችውም ኂሩት። ራሷ ልጅ አልወለደችም፤ አሁን የምትኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኤድመንተን ነው፣ ብቻዋን።

ለመሄድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ሜትር በቦርሳዋ ይዛ ኪልበርን መጣች። ፀሐይወርቅ ግን ሜትሩን ሳታይ ቁም ሳጥኗን ከፍታ አንድ ቀሚስ አወጣች።

«ሰሎሜ ስትመረቅ የለበስኩት ነው። በዚህ ልክ ይሰፋልኝ» አለች።

ኂሩት ቀሚሱን አየች፣ ፀሐይወርቅን አየች። «ሜትር ይዤ መጥቼ የለ? ለምን አልለካሽም?»

«ልኬን አላውቀውም እንዴ?»

«እሱስ ታውቂዋለሽ። ብቻ ትንሽ ሰፋ ቢል ለጭፈራ ይመቻል ብዬ ነው።»

«ወፍረሻል ማለትሽ ነው?»

ኂሩት ሜትሩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አሮጌውን ቀሚስ አጣጥፋ ይዛ ሄደች።

በየካቲት መጀመሪያ ተመለሰች፤ የራሷን ሻንጣ ሳትፈታ ከኤድመንተን ቀሚሱን ይዛ መጣች። ቀሚሱ ውብ ነበር፣ ይህን ፀሐይወርቅም አልካደችም። ፈትሉ ስስ፣ ጥበቡ ከወይን ጠጅና ከወርቅማ ክር የተሠራ። መኝታ ቤት ገብታ ለበሰችው። ክንዷ ገባ፣ ደረቷ በግድ ገባ፣ የጀርባው ዚፕ ግን ወገቧ ላይ ሲደርስ አሻፈረኝ አለ። ትንፋሿን ዋጠች፣ ሆዷን ሳበች፣ ኪዳኔ ከኋላ ሆኖ ጎተተ።

«ይሰበራል» አለ ኪዳኔ፣ እጁን አንስቶ።

እንደዚያው ጀርባዋ ክፍት ሆኖ ሳሎን ወጣች። «ኂሩት፣ ይህን በማን ልክ ነው ያሰፋሽው?»

«በሰጠሽኝ ልክ ነዋ።»

«በሰጠሁሽ ልክ ቢሆን ይገባኝ ነበር።»

ኂሩት ተነስታ መጣች። የቀሚሱን ጎን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ «ቆይ እስቲ፣ ውስጡን…» ብላ ስትጀምር ፀሐይወርቅ ጨርቁን ከእጇ መነጨቀችው።

«ውስጡን ምን? ገብቶኛል። በልጄ ሠርግ የሰው መሳቂያ እንድሆንልሽ ነው። የራስሽ ልጅ የለሽ፣ የሰው ልጅ ስትዳር ማየት ሆድሽ አልቻለም።»

ኪዳኔ በሩ ላይ እንደቆመ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። ፀሐይወርቅ ራሷ ከአፏ በወጣው ቃል ደነገጠች፤ ያን ቃል ከየት አምጥታ እንደተናገረችው አታውቅም። ሞኝና ወረቀት ግን የያዘውን አይለቅምና ይቅርታ የሚለው ሳይመጣላት ቀረ። ኂሩት ካፖርቷን ለበሰች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። «ሰሎሜን ሳሚልኝ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በኪልበርንና በኤድመንተን መካከል ስልክ አልተደወለም። ሰሎሜ ነገሩን ስትሰማ ኤድመንተን ሄዳ ተመለሰችና ኩሽና ውስጥ እናቷ ፊት ቆመች።

«‹እናትሽ ሳትጠራኝ አልመጣም› አለች። እማዬ፣ ክርስትና እናቴ ሳትኖር እኔ መልስ ምናምን አላደርግም። ሲሪየስሊ። ይሄን ፊክስ የምታደርጊው አንቺ ነሽ።»

«ቀሚሱን ያጠበበች እሷ፣ የምለምን እኔ?»

«ቀሚሱ ጠቦ ነው ወይስ አንቺ…» ሰሎሜ አልጨረሰችውም። የእናቷን ፊት አይታ ሻይ ጣደች።

ፀሐይወርቅ ግን ያልተጨረሰውን በልቧ ጨረሰችው፤ እንቅልፍም ነሳት። ፍርዱ እዚያች ላይ ነበር። እሷ እንደድሮዋ ከሆነች ጥፋተኛዋ ኂሩት ናት። እሷ ሰፍታ ከሆነ ግን ያን ቃል ለጓደኛዋ በከንቱ ተናግራለች፤ ልጇም በሠርጓ ቀን ክርስትና እናቷን አጥታ መቆሟ በእሷ ጥፋት ነው። ስለዚህ አለመወፈሯን ማረጋገጥ ነበረባት፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማው የዚያን ጊዜ ተጀመረ።

መጀመሪያ አዲሱን ቀሚስ ከአሮጌው ላይ አነባብራ አልጋ ላይ ዘረጋችው። ጫፍ ለጫፍ ገጠመ። ታዲያ ኂሩት ነጻ ወጣች? የለም። ፀሐይወርቅ አሮጌውን ጠረጠረችው፤ ሳይነገራት አንዱ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ከቶት ተኮማትሮ ይሆናል። ኪዳኔን ጠየቀችው። ኪዳኔ ማሽኑን መክፈት እንኳ እንደማያውቅ መለሰላት፤ ይህ ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ከተናገራቸው ሁሉ ለማመን የሚቀለው ነገር ነበር። አዲሱን ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ከተተችና ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው። ዓይኔ አይይህ አለችው።

ቀጥሎ ፋብሪካውን ጠረጠረች። ፀሐይወርቅ ፓርክ ሮያል ውስጥ ሳንድዊች የሚሠራ ፋብሪካ ነው የምትውለው፤ ሰላጣውና ዶሮው እንዳይበላሽ ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል፣ ሠራተኛው ሁሉ ከነጩ ካፖርት ሥር ሹራብ ደራርቦ ነው የሚሠራ። እዚያ ብርድ ውስጥ ቆማ ሳለች ከደረቷ ተነስቶ ወደ ፊቷ የሚወጣ እሳት ይሰማት ጀመር። ላብ ከቆቧ ሥር ይንቆረቆራል። ሱፐርቫይዘሩ ዘንድ ሄዳ ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ ቼክ ይደረግ አለች። ቼክ ተደረገ፤ ማቀዝቀዣው ደህና ነው። ከጎኗ የምትሠራው ሴት ጥርሷን እያንቀጫቀጨች አየቻት። ፀሐይወርቅ ሴትዮዋን ታማ ይሆናል ብላ ራቅ ብላ ቆመች። የሥራ ሱሪዋ ሲጠባት ደግሞ ድርጅቱ ጨርቅ ለመቆጠብ ልኩን ቀንሶታል አለች።

ዐቢይ ጾም ገባ። «በል እንግዲህ፣ ይታያል» አለች ለኪዳኔ። ሁዳዴ ላይ ማን ይወፍራል? ከማለዳ ጀምራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። በዚህ ላይ ፀሐይወርቅን በጾም የሚያታልላት ፋብሪካ አልተፈጠረም። ማንኛውንም የታሸገ ነገር ሳትገዛ በፊት መነጽሯን አድርጋ ከጀርባው ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ታነባለች። የወተት ዱቄት ካለበት ትመልሰዋለች፣ እንቁላል ካለበት ትመልሰዋለች፣ «የወተት ቅሪት ሊኖረው ይችላል» የሚል ካለ እንኳ ነጋዴውን በክፉ ዓይን አይታ ትመልሰዋለች። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አዲስ ብስኩት ሲያገኙ የሚያስመረምሩት በእሷ ነው። እሷ ካሳለፈችው ንጹሕ ነው።

ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሥራ ወጥታ፣ ያን ንጹሕ የጾም ብስኩት ቤት እስክትደርስ ሳትታገስ አውቶቡስ ላይ ትጨርሰዋለች። ቤት ስትደርስ ዘይት የጠጣ ፍርፍር። ማታ፣ ሰው መቼም በባዶ ሆዱ አይተኛም፣ የጾም ኬክ በሻይ። የጾም ነው እስከተባለ ድረስ ምን ጥፋት አለው? ጾም ያወፍራል ብሎ የሚያስተምር መምህር ሰምታ አታውቅም።

ለፋሲካ ሚዛን ገዛች። ወጣችበት። ከጾሙ በፊት ፋርማሲ ከተመዘነችው በልጣ ተገኘች። ወረደች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ደግማ ወጣች። ከዚያ ያልተከፈተ የጤፍ ዱቄት ከረጢት አምጥታ ሚዛኑ ላይ አኖረች፤ ሚዛኑ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ልክ ያለ ስህተት አሳየ። ስለ ጤፉ እውነቱን ተናግሮ ስለ እሷ የሚዋሽ ሚዛን እንዴት ያለ ነው? ኪዳኔ ጤፉን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰ።

በልቧ ግን አሁን ፈራች። የምታፍረው መወፈሯ ብቻ አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ የሚያድግ ነገር ቢኖርስ? እናቷ በሆድ ዕጢ ነው የሞተችው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። የሰፈሯ ሐኪም ቤት፣ ጂፒው ዘንድ፣ ደውላ አፖይንትመንት ቡክ አደረገች።

እንግሊዝኛ ለሥራና ለገበያ አያንሳትም፤ ለሆድ ዕቃ ግን አይበቃኝም ብላ አስተርጓሚ ጠየቀች። ነርሷ ፀጉሯ የሸበተ አይሪሽ ሴት ናት፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከስልኩ ውስጥ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ወጣ።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። የወር አበባዎ እንዴት ነው እያሉዎት ነው።»

ፀሐይወርቅ ደነዘዘች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚናገረው ሀብተ ማርያም ካልሆነ ወንድሙ ነው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ የየትኛው ደብር ነዎት?» አለች።

«እናቴ፣ ስለ ራሴ እንድናገር አይፈቀድልኝም።»

አሃ፣ ተደበቀ። ከዚህ በኋላ ፀሐይወርቅ እንደ ምርኮኛ ወታደር ሆነች። የወር አበባስ? ደህና ነው። እንቅልፍስ? ደህና ነው። ሙቀት፣ ላብ? ምንም። ንዴት ይበዛባታል? ፀሐይወርቅ ስልኩን በቁጣ እያየች «በፍጹም» አለች። ነርሷ ግራ ገባት። ሆዷን በእጇ ዳሰሰች፣ ደም ወሰደች፣ ውጤቱ ሲመጣ ተመለሺ አለቻት።

ውጤቱ መጣ። ዕጢ የሚያስጠረጥር ነገር አልተገኘም፣ ታይሮይድ የሚባለው የአንገቷ ዕጢም ደህና ነው፣ ስኳሯ ብቻ ወደ ድንበሩ ተጠግቷል። በዚህኛው ቀጠሮ አስተርጓሚ አልፈልግም ብላ ሰሎሜን ይዛ ሄደች፤ ነርሷም ልጅ ለእናት እንድታስተረጉም ደስ ባይላትም፣ ፀሐይወርቅ ከልጄ ሌላ አላምንም ስላለች ተቀበለች። ሰሎሜ የባለፈውን መልስ ከኮምፒውተሩ ሲነበብ ሰምታ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ፔሬድሽ ደህና ነው አልሽ? ሌሊት ሌሊት አንሶላ ስትቀይሪ እሰማሽ የለም እንዴ?»

«ለሰንበት ማስታወቂያ ይነበብልኝ ልበል?» አለች ፀሐይወርቅ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እውነቱን አወጣች። የወር አበባዋን ካየች ዓመት አልፏል። እንቅልፍ የላትም። እሳቱ በቀን ስንቴም ይመጣል።

ነርሷ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። ቀስ እያለች ተናገረች፣ ሰሎሜም በተሰባበረ አማርኛዋ አቀረበችው። በዚህ ዕድሜ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ድሮ ዳሌና ጭን ላይ ይቀመጥ የነበረው ስብ ሆድ ዙሪያ መሰብሰብ ይጀምራል። ዕድሜው በራሱ ጡንቻን ያሳሳል፣ ጡንቻ ሲሳሳ አካል የሚፈልገው ምግብ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የዛሬ አሥር ዓመት ልክ የነበረው ምግብ ዛሬ ትርፍ ነው። በዚህ ላይ ሙቀቱ እንቅልፍ ይነሳል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጣፋጭ ያምረዋል። ለሙቀቱና ለእንቅልፉ የሆርሞን ሕክምና አለ፣ ከፈለገች ይነጋገሩበታል፤ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ግን አይሰጥም።

«ሐኪም በሽታው ሲጠፋው ዕድሜ ነው ይላል» አለች ፀሐይወርቅ። ሰሎሜ ይህን አላስተረጎመችውም።

ምን ትበያለሽ ተባለች። እዚህ ላይ ፀሐይወርቅ ቀና አለች። ከዓመቱ እኩሌታ በላይ እንደምትጾም፣ ሥጋና ወተት እንደማትነካ፣ ማሸጊያ ሳታነብ እንደማትገዛ በኩራት ተናገረች፤ ለምስክርነትም ከቦርሳዋ ያን የጾም ብስኩት አውጥታ ሰጠች። ነርሷ ማሸጊያውን ገልብጣ አየችውና አንዲት መስመር ላይ ጣቷን አኖረች። ስኳሩ። ከሥሩ ደግሞ ዘይቱ። ፀሐይወርቅ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ጽሑፍ ወተት ፍለጋ ስትበረብረው፣ ዓይኗ እዚህች መስመር ላይ አርፎ አያውቅም። ሌባውን በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ በመስኮት ገብቶ ኖሯል።

ነርሷ ጾምሽን ተይ አላለቻትም፤ ይህ ፀሐይወርቅን አስገረማት፣ ልትላት ነው ብላ መልስ አዘጋጅታ ነበርና። ያለቻት ሌላ ነው። ጾም ስትፈቺ በብስኩት ሳይሆን በምስርና በባቄላ ጀምሪ። ዘይቱን ለኪው። ላብ ላብ እስኪልሽ ተራመጂ፣ ከበድ ያለም ነገር አንሺ፣ ጡንቻ እንዳይከዳሽ። ቶሎ እንዳትጠብቂ፣ የድሮው ወገብሽም ላይመለስ ይችላል፤ ዋናው መጨመሩን ማቆሙ ነው። ስታበቃም ጠየቀች፤ ይህን ያለፈች የቅርብ ሰው፣ እህት ወይም ጓደኛ የለሽም?

ሰሎሜ አስተረጎመችና የራሷን ጨመረች። «ክርስትና እናቴ አለች። ያን ዊንተር እኛ ቤት ስትመጣ መስኮት ትከፍት የነበረው ትዝ አይልሽም?»

ፀሐይወርቅ ትዝ አላት። በረዶ እየጣለ ኂሩት መስኮቱ ሥር ቆማ በቤተ ክርስቲያን ወረቀት ፊቷን ታራግብ ነበር። ፀሐይወርቅ ያኔ ቤቴ ሸተታት እንዴ ብላ ለአንድ ሳምንት አኩርፋለች። ያ ሙቀት ነበር። ኂሩትም በዚያው ሰሞን ሰፍታ ነበር።

አንባቢ እንግዲህ ፀሐይወርቅ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ኤድመንተን የሄደች ይመስለዋል። አያውቃትም። አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ስታገላብጠው ጥርጣሬዋ ጭራሽ ሥር ሰደደ። ወፍሬያለሁ፣ ይሁን። ግን ኂሩት በዚህ ያለፈች ናት፤ የሚሆነውን ታውቃለች፤ ያን ቀን ቀሚሱንም እኔንም አይታለች። እያወቀች እንዴት በአሮጌው ልክ አሰፋችው? ሳያውቅ ያጠበበ ይቅር ይባላል፤ አውቆ ያጠበበ ምን ይባላል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ የእሷ ነገር ነው።

በጋው በዚህ አለፈ። እሷም የተባለችውን አደረገች፣ እያጉረመረመች። ከፓርክ ሮያል ስትመለስ ከአውቶቡሱ ቀድማ ወርዳ ቀሪውን በእግሯ ትሄዳለች፤ ከኋላዬ የሚመጣው ማነው እያለች ስለምትፈጥን ላቡ ያለ ጥረት ይመጣላታል። ዘይት ከጠርሙስ ማንቆርቆር ትታ በማንኪያ መለካት ጀመረች፤ ኪዳኔ ወጡ ደረቀብኝ ቢል ሳህኑን ታነሳበታለች። ሁለት ትልልቅ የውኃ ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብድግ ትላለች። ፍልሰታን ስትጾም ዘጠኝ ሰዓቷን ጠበቀች፤ የሚቀድመው ግን ሽምብራና ጎመን ሆነ፣ እንጀራውም ገሚስ። የሆርሞኑን ሕክምና ነርሷ ሁለቴ አስረድታት፣ ፀሐይወርቅም ከማሸጊያው ውስጥ ያለውን ወረቀት በመነጽር ፈትሻ ጀመረችው፤ እሳቱ በረደ፣ እንቅልፍም መጣ። ሚዛኑ መውጣቱን አቆመ፣ ከዚያም ጥቂት ወረደ። ቀበቶዋ አንድ ቀዳዳ ተመለሰች። ደስ አላት፤ ደስታዋን የምትነግራት ሰው ግን ኤድመንተን ናት።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች። ቀሚሱን ለበሰች። ዚፑ ከበፊቱ ከፍ አለ፤ አሁንም ግን አልተዘጋም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው እጇ የቀሚሱን ጎን የነካው።

ስፌቱ ወፍራም ነው። ከብብቷ ጀምሮ እስከ ዳሌዋ ድረስ ውስጥ ለውስጥ የታጠፈ ነገር አለ። ሌላውን ጎን ዳሰሰች፤ እዚያም አለ። ሰው በሰው ልብስ ውስጥ ምን ይሰፋል? ክታብ ነው። ድግምት ነው። ለካ ቀሚስ ማጥበብ ብቻ አልበቃትም። አማተበች፣ ቀሚሱን አውልቃ ገለበጠችው፣ መቀሱን አምጥታ በስመ አብ ብላ ስፌቱን ተረተረች።

የወጣው ጨርቅ ነው። ያው የቀሚሱ ጨርቅ፣ አራት ጣት የሚሆን፣ በሁለቱም ጎን። ጫፉ እንዳይተረተር ተቀምቅሞ፣ ጥበቡ እንኳ ሳይቆረጥ አብሮ ታጥፎ ገብቷል፤ የፈለገ ሰው ሲለቀው ጥበቡ ከጥበቡ እንዲገጥም። ልብስ ሰፊ ካልታዘዘ ይህን አያደርግም። ቆሞ ያዘዘው፣ ምናልባትም የተከራከረው ሰው አለ።

«ቆይ እስቲ፣ ውስጡን…» ብላት ነበር ኂሩት። በሁለት ጣቷ ጎኑን ይዛ።

ፀሐይወርቅ ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች አለቀሰች። ኪዳኔ ገብቶ አያት፤ ጨርቁን አየ፣ ገባው። «ኤድመንተን ላድርስሽ?» ብቻ አለ። ለምን እንዳለ አልጠረጠረችውም።

ኂሩት በሩን ስትከፍት ፀሐይወርቅ ሰላምታ ሳትሰጥ ቀሚሱን እንደተገለበጠ ዘረጋችው። ኂሩት የተተረተረውን ስፌት አየች።

«አገኘሽው» አለች።

«ክታብ መስሎኝ ነው የፈታሁት።»

ኂሩት ልትስቅ ነበር፣ ግን አልሳቀችም። ከበሩ ዘወር ብላ አስገባቻት። ውጭ ዝናብ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት ገርበብ ብሎ ተከፍቷል።

«ይቅር በዪኝ» አለች ፀሐይወርቅ ቆማ። «ስለ ቀሚሱ ብቻ አይደለም። ስላልኩሽ ቃል።»

«ቀሚሱን ፈታሽው። ልጅ የለሽም ያልሽኝ ግን እንደዚህ የሚፈታ አይደለም። ሰሎሜን እኔ የሰው ልጅ ብያት አላውቅም።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽ ጥሩ ነው። አሁንም ያመኛል።»

ኂሩት ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ፀሐይወርቅ እንደቆመች ቀረች። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለች።

«ወፍረሻል ብዬ? ለአንቺ?» ኂሩት ቀሚሱን ተቀብላ ጨርቁን በመዳፏ እያሻሸች አቀናችው። «እኔን ሲጀምረኝ ማንም ምንም አልነገረኝም። ቀሚሴ የተተረተረው በሰው ሠርግ ላይ፣ እየጨፈርኩ ነው። ጃኬት ደርቤ ወጥቼ መጸዳጃ ቤት አለቀስኩ። አንቺን በልጅሽ ሠርግ እንደዚያ እንዳያገኝሽ ብዬ ነው።»

ተነስታ መሳቢያውን ከፈተች። ያን ሜትር ይዛ መጣች።

«ካፖርትሽን አውልቂና እጅሽን አንሺ።»

ፀሐይወርቅ እጇን አነሳች። ኂሩት ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ አዞረችና ቆም አለች።

«ሆድሽን አትሳቢ። እንዳለ ልለካው።»

ፀሐይወርቅ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች፣ ሆዷም ወደ ቦታው ተመለሰ። ኂሩት ቁጥሩን በልቧ ያዘች። ፀሐይወርቅ ስንት እንደሆነ ለማየት አንገቷን አላዘነበለችም።